ኮሪዶራስ ሲገረጣ፦ የኤፒአይ ውሃ መመርመሪያ ኪት ምን ያህል ይረዳል?

ኮሪዶራስ፣ ያች በቤት የዓሣ ገንዳ የምትኖር ትንሿ የአምባዛ ዘመድ፣ ቀለሟ በተለወጠ ቁጥር ታማለች ማለት አይደለም። ጨለማ ውስጥ ቆይታ መብራት ሲበራ ትገረጣለች፤ ነጭ አሸዋ ላይ ትነጣለች፣ ጥቁር ላይ ትጠቁራለች። የሚያሳስበው ቀኑን ሙሉ ገርጥታ ስትውል ወይም ሆዷና የክንፎቿ ሥር ሲቀላ ነው። ያኔ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ውሃውን መመርመር ይቀድማል።

ለዚህ ሥራ የኤፒአይ ኩባንያ ማስተር ኪት (ጨዋማ ላልሆነ ውሃ የተሠራው) ከወረቀት መመርመሪያ ይሻላል። ፒኤችን (የውሃውን አሲድነት) እንዲሁም ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡትን አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት ይለካል። ለአሞኒያ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ከሁለቱ ጠርሙሶች 8፣ 8 ጠብታ ጨምረው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ቢጫ ከሆነ ዜሮ ነው። ወደ አረንጓዴ ከሄደ ከገንዳው ውሃ ግማሽ ያህሉን ክሎሪኑ በተወገደና ሙቀቱ በተመሳሰለ ውሃ ይቀይሩ፤ በማግስቱ ደግመው ይለኩ።

የናይትሬቱ ምርመራ አመለኛ ነው። የሁለተኛው ጠርሙስ ይዘት ታች ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን 30 ሰከንድ፣ ጠብታው ከገባ በኋላም ቱቦውን 1 ደቂቃ በኃይል ካልናጡት ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል። ብዙዎች «ውሃዬ ንጹህ ነው» ብለው የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው።

የቀለም ካርዱን በቀን ብርሃን ያስተያዩ፤ በቢጫ አምፖል ሥር የአሞኒያ 0 እና 0.25 አይለዩም። የውሃ ጥንካሬ (በውሃው ያለ የማዕድን መጠን) መለኪያ ኪቱ ውስጥ የለም፤ ለብቻ ይገዛል።