የነርስነት ፈቃዴን ከሚኒሶታ ወደ ቨርጂኒያ ላሻገረችልኝ እህት

ባለፈው ሐምሌ ልጆቻችንን ይዘን ከሴንት ፖል ወደ አሌክሳንድሪያ ስንመጣ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ወረቀት ነበር፤ የነርስነት ፈቃዴ። ሚኒሶታ፣ በአንዱ ግዛት የወጣ ፈቃድ በሌሎቹም እንዲያሠራ አባል ግዛቶች የተፈራረሙት የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ የለችም። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ፈቃድ ቨርጂኒያ ላይ አንድ ቀን እንኳን አያሠራኝም ማለት ነው። ጉዳይ እናስፈጽማለን የሚል አንድ ቢሮ 600 ዶላር ተቀብሎ ሁለት ወር ካጉላላኝ በኋላ «ኤንክሌክስን፣ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ እንደገና መፈተን አለብሽ» አለኝ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ይህችን እህት ያገኘኋት በቤተ ክርስቲያን ሰው ጥቆማ ነው። ራሷ ነርስ ናት፤ በዕረፍት ቀኗ ማመልከቻ ታግዛለች። «የእኔ እህት፣ ፈተናው በመላ አገሪቱ አንድ ነው። አንዴ አልፈሻል፤ አሁን የሚያስፈልግሽ የሚኒሶታ ፈቃድሽ ማረጋገጫ መላኩ ብቻ ነው» አለችኝ። ትከሻዬ ቀለለኝ።

ቀጥላ የሚኒሶታ ፈቃዴን፣ የዜግነት ወረቀቴንና አዲሱን የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃዴን ጎን ለጎን ደርድራ በጣቷ እየተከተለች ፊደል በፊደል አነበበች። ፈቃዴ ላይ የመጨረሻው ስም የአያቴ ነው። ዜግነት ስወስድ ግን የአያቴን ስም ትቼ በአባቴ ስም ብቻ ነው የተመዘገብሁት። ያ ቢሮ ሁለት ወር ሙሉ ይህን አላየም! እሷ አስቀድማ ስሜን ሚኒሶታ ላይ አሳረመችኝ። ማመልከቻውን ያስገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ማረጋገጫውም ኑርሲስ በሚባለው የነርሶች መዝገብ በኩል፣ 30 ዶላር ከፍዬ ተላከ። የይለፍ ቃሌን ስጽፍ ፊቷን ታዞር ነበር፤ ክፍያውንም በራሴ ካርድ እንድከፍል አደረገች።

ለፈቃዱ የሚጠየቀው የጣት አሻራ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እጃችንን ቀኑን ሙሉ ስለምንታጠብ የብዙዎቻችን አሻራ ደብዝዟል። አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ቫዝሊን እንድቀባ፣ በዕለቱ ግን እጄን ታጥቤ ምንም ሳልቀባ እንድሄድ መከረችኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳልኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ፈቃዴ ወጣ። ነዋሪነቴ ቨርጂኒያ ስለሆነና ሁለቱም ግዛቶች የስምምነቱ አባል ስለሆኑ ሜሪላንድም ያሠራኛል። ዋሽንግተን ዲሲ ግን ስምምነቱ ውስጥ ስላልገባች የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች፤ እዚያ ለመሥራት የምታስቡ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። ከአንድ የስምምነቱ አባል ግዛት ወደ ሌላው የምትዛወሩም ከ2024 ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ማመልከት ግዴታችሁ ነው።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ፣ የምትፈልጓት በግል ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ስማችሁ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።