የደረት ዕጢን ከሲስት ለመለየት፦ የተለመደው ሲቲ ስካን ወይስ ባለ ሁለት ኃይል ሲቲ?

በሁለቱ ሳንባዎች መካከል የታየ እብጠት ጠጣር ዕጢ ይሁን ፈሳሽ የቋጠረ ሲስት ለመለየት የተለመደው ሲቲ ስካን የሚመረኮዘው በሃውንስፊልድ መለኪያ (አንድ አካል ኤክስሬይን ምን ያህል እንደሚያግድ በሚያሳይ ቁጥር) ላይ ነው፤ የውሃ ልኬት 0 በመሆኑ፣ ከ0 እስከ 20 የሚለካና ግድግዳው ስስ የሆነ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሲስት ነው። ችግር የሚፈጠረው ሲስቱ ፕሮቲን የበዛበት ወይም ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ሲይዝ ነው፤ ያኔ ልኬቱ ከ40 አልፎ ዕጢ ሊመስል ይችላል። ጥርጣሬውን ለማጥራት አዮዲን ያለበት ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ) ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜ ማንሳት ያስፈልጋል፣ ጨረሩም በዚያው ልክ ይጨምራል።

በሁለት የተለያየ የኤክስሬይ ኃይል የሚያነሳው ባለ ሁለት ኃይል ሲቲ ግን ኮንትራስት ተሰጥቶ በተነሳ አንድ ምርመራ ብቻ አዮዲኑ የት እንደደረሰ ለይቶ ያሳያል፤ ዕጢ የደም ሥር ስላለው አዮዲን ይወስዳል፣ የሲስት ፈሳሽ አይወስድም። በእኔ ግምት ትልቁ ብልጫው ይህ ነው። ሆኖም መሣሪያው ውድ ነው፤ መሃሉ የሞተ ዕጢም አዮዲን ስለማይወስድ አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል።

በአዮዲን አለርጂና በኩላሊት ሕመም ስጋት በኩል ሁለቱም ያው ናቸው።

ልኬቱ ግልጽ ለሆነ ሲስት የተለመደው ይበቃል፤ ልኬቱ አሻሚ ሲሆን ባለ ሁለት ኃይሉ ይመረጣል። አዮዲን ለማይስማማው ወይም ተደጋጋሚ ክትትል ለሚያስፈልገው ወጣት ታካሚ ግን ከሁለቱም ይልቅ በኤክስሬይ ፋንታ በማግኔት የሚያነሳው ኤምአርአይ ይሻላል።