ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም በመኪና፦ በድልድይ፣ በአጭሩ መርከብ ወይስ በሌሊቱ?

የልጆች ትምህርት ሲዘጋ ስልኩ ይጮኻል። ስቶክሆልም ሠርግ አለ፣ ወይ ክርስትና። የአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ሲደመር ያስደነግጣል። ድፎ ዳቦውና በርበሬው ደግሞ በሻንጣ ኪሎ አይቻልም። "በቃ፣ በመኪና እንሂድ" የሚባለው ያኔ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን መሀል ላይ ባሕር አለ።

ባሕሩን በየት እንሻገር ሲባል ብዙ ሰው የትኬት ዋጋ ያይና ርካሹን ይመርጣል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሁለቴ ከተመላለስኩ በኋላ ግን ጥያቄዬ ተለወጠ። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ከተሳፋሪው ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ስንት ሰው ነው የሚለውን ነው። እዚህ መንገድ ላይ በገንዘብ የምንገዛው ዋናው ነገር የሹፌሩ እንቅልፍ ነውና።

ምርጫዎቹ አራት ናቸው

አንደኛው በድልድይ ብቻ መሄድ ነው። ከሐምቡርግ በፍሌንስቡርግ በኩል ዴንማርክ ትገባላችሁ። የፊን ደሴትን አቋርጣችሁ፣ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የስቶርቤልት መሻገሪያ ወደ ኮፐንሃገን ታልፋላችሁ። ከዚያ በ2000 የተከፈተው የኦሬሱንድ ድልድይ ማልመ ያደርሳችኋል። ልጆች ይህን ድልድይ ይወዱታል፤ ከኮፐንሃገን ሲኬድ መኪናው መጀመሪያ ከባሕር በታች ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ነው ድልድዩ ላይ የሚወጣው። ጠቅላላው ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ነው። ሁሉም የሚነዳ ነው።

ሁለተኛው አጭሩ መርከብ ነው። ከጀርመን ፑትጋርደን ወደ ዴንማርክ ሮድቢ 45 ደቂቃ ይወስዳል። መርከቡ ቀንና ሌሊት ስለሚመላለስ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው ይመጣል። በድልድዩ ከመዞር 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ የሚነዳው ወደ 1,450 ይወርዳል። ከኮፐንሃገን ወደ ስዊድን ለመሻገር ግን አሁንም ኦሬሱንድን መክፈል አለ። ካልሆነም ከሄልሲንጎር ወደ ሄልሲንቦሪ 20 ደቂቃ የሚወስድ ሌላ መርከብ አለ።

ሦስተኛው ከሉቤክ አጠገብ ካለው ትራቨሙንደ ተነስቶ በደቡብ ስዊድን ትሬለቦርግ የሚያደርሰው የሌሊት መርከብ ነው። ማታ ትገባላችሁ፣ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ስዊድን ናችሁ። የሚነዳው 1,200 ገደማ ነው፤ እሱም በሁለት ቀን ግማሽ በግማሽ ይከፈላል።

አራተኛው ከኪል ወደ ጎተንበርግ ነው። ከ14 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ወደ ማታ ተነስቶ ጠዋት ይገባል። ለመንዳት የሚቀረው 1,060 አካባቢ ነው። ከጎተንበርግ ስቶክሆልም ወደ 470 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለምሳ ባይሆን ለመክሰስ ትደርሳላችሁ።

በርሊን ያላችሁ ሮስቶክን እዩት። ከዚያ ትሬለቦርግ 6 ሰዓት ያህል ነው።

ዋጋው የሚያታልለው የቱ ጋ ነው?

ድልድይ ትኬት ስለማይቆረጥለት ነጻ ይመስላል። አይደለም። ስቶርቤልትም ኦሬሱንድም ኬላ ላይ ያስከፍላሉ፤ ኦሬሱንድ ይብሳል። የ160 ኪሎ ሜትሩን ነዳጅ ጨምሩበት። ኦሬሱንድን ኬላ ላይ ከመክፈል ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ይረክሳል። በዓመት ክፍያ የሚገኝ ቅናሽም አለ። በተመሳሳይ መንገድ ከተመለሳችሁ አንድ ጉዞ ብቻ እንኳ ሊያዋጣ ይችላል፤ አስሉት። አጭሩን መርከብ ለመረጠ ደግሞ መርከቡንና ኦሬሱንድን አንድ ላይ የያዘ ትኬት ይሸጣል።

ሌላው ልዩነት የሰው ቁጥር ነው። በአጭሩ መርከብ ላይ የመኪናው ዋጋ ውስጡ ያለውን ሰው ይጨምራል። ስለዚህ ሰባት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው። በሌሊቱ መርከብ ግን ካቢን (የመኝታ ክፍል) ይታከላል። መጀመሪያ የሚያዩት ዋጋና መጨረሻ የሚከፍሉት የማይገናኙት ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ የሌሊቱ መርከብ ውድ ነው ብሎ ከመዝጋት በፊት አንድ ነገር እዩ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የከባድ መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በቀን የሚነዳውም በመደበኛው 9 ሰዓት ነው። ሥራው መንዳት ለሆነ ሰው ይህ ከተወሰነ፣ ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ መሪ ለሚይዝ አባት ምን ሊባል ነው? 1,450 ኪሎ ሜትር ያለ መጨናነቅ እንኳ 15 ሰዓት ያህል ነው። አንድ ሹፌር ብቻ ካለ መሀል ላይ ሆቴል ግድ ነው። ለአምስት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል ይፈልጋል። ካቢኑን ማወዳደር ያለባችሁ ከአጭሩ መርከብ ትኬት ጋር ሳይሆን ከዚህ ሆቴል ጋር ነው። ብዙዎቻችን ሆቴሉን ከሒሳብ አውጥተን፣ ሹፌሩን በቡና እየደገፍን ነው "ርካሽ መንገድ አገኘን" የምንለው።

እኔ ብሆን

ተራ በተራ የሚነዱ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ ፑትጋርደን። ለወጣቶች፣ ድንገት ተነስቶ ለሚሄድ፣ መቼ እንደሚደርስ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። አርባ አምስቱ ደቂቃም ልክ የሹፌሩ እረፍት ሆኖ ያርፋል።

አንድ ሹፌርና ትንንሽ ልጆች ከሆናችሁ ትራቨሙንደን እመርጣለሁ። የቀን ጉዞው ልክ ስለሆነ ጠዋት ቁርስ በልቶ መነሳት ይቻላል። ከፍራንክፈርት ሲኬድም የሐምቡርጉን ኤልበ ዋሻ አይነካም፤ በበዓል ሰሞን እዚያ ዋሻ በር ላይ መኪና ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።

ኪል ለእናትና ለአባት ነው። ወገብ የሚያማቸው፣ ረጅም መቀመጥ የማይችሉ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ልዩነቱን ክፈሉ። ግን ይህ መርከብ ቋሚ ሰዓት አለው፣ አይጠብቅም። የመግቢያ በሩም ከመነሻው ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። ሰዓት ካነሳን፦ አንዴ እትዬን "በስምንት እንነሳለን" ብያቸው ነበር፤ እሳቸው በአገር ቤት ቆጥረው ከሰዓት በኋላ መስሏቸው ጠዋት ፀጉራቸውን ሊሠሩ ሄዱ። ለትልልቅ ሰዎች "ጠዋት 2 ሰዓት" በሉ።

ድልድይ ብቻውን የምመክረው ባሕር ለሚፈራ ነው። ወይም መንገዱ ላይ ዴንማርክ ውስጥ ዘመድ ላለው። ነፋስ ሲበረታ ድልድዮቹም እንደሚገድቡ፣ አንዳንዴም እንደሚዘጉ ግን እወቁ፤ በተለይ ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ ለጫነ።

ፖርቶመጋላ ካላችሁ ትኬት ስትቆርጡ የመኪናውን ቁመት ከነዕቃው ለክታችሁ ጻፉ። መርከቡ ከተነሳ በኋላ መኪናው ወዳለበት መውረድ አይፈቀድም። ዳይፐር፣ ጃኬት፣ መድኃኒትና የምሳ ዕቃ ቀድመው ይውጡ። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ሙሉ ምግቡን ታች ረስቼው፣ ለልጆቹ ድንች ጥብስ ስገዛ አመሸሁ።

የሌሊቱን መርከብ የሚመርጥ ሌላም ይጠንቀቅ። ስዊድን ውስጥ ለሹፌር የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በሺህ 0.2 ብቻ ነው፤ በጀርመን 0.5 ነው። ማታ መርከብ ላይ የተጠጣ ቢራ ጠዋት ስትወርዱ ፖሊስ ሊለካው ይችላል። ለገና የሚሄድም ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 31 በፈረንጆቹ፣ መንገዱ በረዶ ከያዘ የክረምት ጎማ ግዴታ መሆኑን ይያዝ። የውጭ ታርጋም አያመልጥም። ስቶክሆልምና ጎተንበርግ ከተማ ውስጥ መግባትም በሥራ ቀን ያስከፍላል፤ ካሜራ ታርጋችሁን ያነሳል፣ ሒሳቡ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

ወረቀት ላይ አትቀልዱ። ሼንገን ቢሆንም በእነዚህ ድንበሮች ላይ ፍተሻ አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የመኖሪያ ካርዱን ብቻ ይዞ አይሂድ፣ ሁለቱንም ይያዝ።

የመመለሻው መንገድ ደግሞ ከመሄጃው ጋር አንድ መሆን የለበትም። ሲሄዱ ሠርግ አለ፣ ሰው ሳይደክም መድረስ አለበት፤ በሌሊቱ መርከብ ሂዱ። ሲመለሱ ጊዜ ካለ ዬንሾፒንግን ሳታልፉ ቬተርን ሐይቅ ዳር ግሬና ላይ ቁሙ። ከ1859 ጀምሮ ነጭና ቀይ መስመር ያለው ከረሜላ የሚሠራበት ከተማ ነው፤ ሲሠሩ በመስኮት ይታያል። ልጆቹ እዚያ ይሩጡ፣ ማልመ እደሩ፣ በማግስቱ በሮድቢ አጭሩን መርከብ ያዙ።