የተበላሸ ቢሲኤም፦ ማስጠገን፣ ያገለገለ መግጠም፣ ዳታ ማዛወር ወይስ አዲስ መግዛት?

ፍሬቻ ሲያሳዩ ዝናብ መጥረጊያው አብሮ ይነሳል፤ የተቆለፈ በር ራሱ ይከፈታል፤ ማታ ደህና የገባ መኪና ጠዋት ባትሪው ሞቶ ይገኛል። ጋራዥ ሲደርሱ «ቢሲኤሙ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ይባላሉ። ቢሲኤም (የቦዲ ኮምፒውተር) መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ የበር መቆለፊያውን፣ ክላክሱን፣ ዝናብ መጥረጊያውን የሚያዝ ሳጥን ነው። በአንዳንድ መኪና ደግሞ ቁልፉን የሚለየው ኢሞቢላይዘርም እዚያው ውስጥ አለ። ሳጥኑ በእርግጥ ከሞተ መንገዱ አራት ነው፦ የራስን ቦርድ ማስጠገን፣ ያገለገለ ገዝቶ እንዳለ መግጠም፣ ያገለገለ ገዝቶ የአሮጌውን ዳታ ማዛወር፣ አዲስ ኦሪጅናል ገዝቶ ፕሮግራም ማስደረግ። ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ግን ኢሞቢላይዘሩ የት እንዳለ ይጠይቁ። ከአራቱ የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው?

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል፤ ጤነኛ ሳጥን አውጥቶ ሌላ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ያጣል፣ ብልሽቱም አይለቀውም።

ባትሪው መኪናው ጠፍቶ 12.4 ቮልት እና ከዚያ በላይ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው መሃል መሆን አለበት። የወረደ ባትሪ የሚያመጣው ምልክት የተቃጠለ ቢሲኤም ከሚያመጣው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። በኤሌክትሪክ መኪናም ይኸው ነው፤ ቢሲኤሙ የሚሠራው ከትልቁ ባትሪ በቀጥታ ሳይሆን በ12 ቮልቱ ስለሆነ።

ቀጥሎ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር። የፊት መብራትና ዝናብ መጥረጊያው እየሠሩ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በቢሲኤሙ የግራውንድ ፒን፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያሳርፉ። ንባቡ 0.1 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነው። 0.5 ቮልት ካሳየ ሳጥኑን ይተዉትና የዛገውን የግራውንድ ብሎን ይፈልጉ። ኃይል የሚያስገቡትን ፒኖች ሲፈትሹ ደግሞ በመልቲሜትር ብቻ አይመኑ። አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል። የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ያስሩበት፤ አምፖሉ በሙሉ ድምቀት ከበራ ሽቦው ጤነኛ ነው።

ስካነሩ በሌሎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ ዩ0140 የሚል የብልሽት ኮድ ካሳየ ትርጉሙ «ከቢሲኤም ጋር መገናኘት አልቻልኩም» እንጂ «ቢሲኤም ተቃጥሏል» አይደለም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ስካነር በሚሰካበት የኦቢዲ ሶኬት 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል ይለኩ። ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት ካን መስመር በሁለቱ ጫፍ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ስላለው ጤነኛ ሲሆን 60 ኦም አካባቢ ያሳያል። 120 ከሆነ መስመሩ አንድ ቦታ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

ቢሲኤሙ ለስካነር መልስ ከሰጠ የመጨረሻው ፈተና ይህ ነው። በዳታ ዝርዝሩ ላይ የማብሪያው እንቅስቃሴ ይታያል? በስካነር ሲታዘዝ ከሳጥኑ በሚወጣው ፒን ላይ ቮልት ይመጣል? ማብሪያው እየታየ፣ ኃይልና ግራውንድ ደህና ሆኖ፣ ወጪው ባዶ ከሆነ ያን ጊዜ ሳጥኑ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል።

የራስን ቦርድ ማስጠገን

ከአራቱ ብዙ ጊዜ በዋጋ የሚቀለው፣ በእኛ ግምትም መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይኸው ነው። ዳታው ሳይነካ፣ ቁልፉ ሳይቀየር፣ መኪናው የራሱን ሳጥን ይዞ ይቀጥላል። የሚጠገነው ግን የብልሽቱ ዓይነት ሲፈቅድ ነው። ቦርዱ ላይ የተበየደ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ስር በማጉያ ሲታይ፣ በእግሩ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ ካለ መልሶ መበየድ ይበቃል። «ሲሞቅ ይጠፋል፣ መኪናው ሲነጠር ይበራል» የሚባለው ብልሽት ብዙ ጊዜ የዚህ ስንጥቅ ነው። ሪሌው ራሱ ተጣብቆ ከቀረ በዚያው ቮልት፣ አምፔርና የእግር አሰላለፍ ይቀየራል።

ውሃ የገባበት ቦርድ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በ99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ የተበላ መስመር ካለ በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል። ውሃው የገባበት ቀዳዳ ካልተደፈነ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ይመለሳል። የፊት መስታወት ማጣበቂያ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ስር በቅጠል የተደፈነ የውሃ መውረጃ፣ የኤሲ ውሃ ማውጫ ቱቦ ይታዩ። ፕሮሰሰሩ ከተቃጠለ ወይም ቦርዱ ከውስጥ ከከሰለ ጥገናው ላይ ገንዘብ አያባክኑ።

ያገለገለ ገዝቶ እንዳለ መግጠም

አዲስ አበባ ላይ መለዋወጫ ፈላጊ ወደ ሶማሌ ተራ ሲሄድ የሚያስበው ይህን ነው። ኢሞቢላይዘሩ ሌላ ቦታ በሆነ መኪና በጣም ጥሩ ምርጫ ነው። በብዙ ቶዮታዎች የቦዲ ኮምፒውተሩ ከሹፌሩ ጉልበት በላይ ካለው የፊውዝ ሳጥን ጋር ተያይዞ ይቀመጣል፤ ቁልፉን የሚለየው ግን ሌላ ክፍል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከገጠመ መኪናው ይነሳል።

ቁጥሩ መግጠም አለበት ስንል ሙሉው ነው። የቶዮታው 89221፣ የሃዩንዳዩ 95400፣ የኒሳኑ 284ቢ1 ብለው ይጀምራሉ። ይህ የዕቃውን ዓይነት ብቻ ይናገራል፤ የትኛው ሞዴልና የትኛው ዓይነት ዕቃ እንደተገጠመለት የሚነግሩት ከሰረዙ በኋላ ያሉት ናቸው። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። ከአውሮፓ የመጣ ያሪስ የኋላ ጭጋግ መብራት አለው፤ የሌላ ገበያው ላይኖረው ይችላል። ሪሞት ተቀባዩ ቢሲኤሙ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጃፓንና የአሜሪካ መኪና በ315 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ የአውሮፓው በ433 ስለሚሠራ ሪሞቱ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል።

ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሳጥኑ ተከፍቶ ፒኖቹና ቦርዱ ይታይ፤ ተገጥሞ እስኪሞከር መመለሻ ይኑረው። የተጋጨ መኪና ሳጥን ራሱ ካልተመታ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ጎርፍ የገባበትን ግን በነፃም አይውሰዱ።

ያገለገለ ገዝቶ ዳታ ማዛወር

ኢሞቢላይዘሩ ሳጥኑ ውስጥ ላለ መኪና፣ አሮጌው ሳጥን መነበብ እስከቻለ ድረስ፣ ከአዲስ ይልቅ ይህን እንመርጣለን። የቁልፍ መለያው፣ የሻንሲ ቁጥሩና ኮዲንጉ (መኪናው ምን ምን ዕቃ እንዳለው የሚነግረው ቅንብር) ብዙ ጊዜ 24፣ 93 ወይም 95 በሚጀምር ቁጥር የሚታወቅ ባለ 8 እግር ቺፕ ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ባለሙያው አሮጌውን ሁለት ጊዜ ያንብብ፤ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ካልሆኑ ንባቡ ስህተት ነውና አይጻፍ። ከመጻፉ በፊት የተገዛው ሳጥን የራሱ ዳታም ይቀመጥ። ዕቃው ከአንድ የሃርድዌር ቁጥር ካልሆነ ዳታው ቢዛወርም አይሠራም። ፋይሉን ለራስዎ በፍላሽ ይቀበሉ።

አዲስ ኦሪጅናል

ዋስትና አለው፣ ዝገት የለውም። ግን ባዶ ሆኖ ይመጣል። የአምራቹ መሣሪያና የኢንተርኔት ፕሮግራም የሚያገኝ ባለሙያ ከሌለ በካርቶኑ ይቀመጣል። ስለዚህ ዕቃውን ሳይሆን መጀመሪያ ፕሮግራም አድራጊውን ያግኙ። ፕሮግራሙ ሲጫን ባትሪው 13 ቮልት በሚሰጥ ቋሚ ቻርጀር ይደገፍ፤ መሃል ላይ ቮልት ከወረደ አዲሱ ሳጥን ሊሞት ይችላል።

እንደ መኪናው

በብዙ ቶዮታዎች፦ ጥገና፣ ካልሆነ ያገለገለ። በኒሳን ቢሲኤሙ ኢሞቢላይዘሩን ስለሚይዝ ያገለገለ ከተገጠመ ቁልፎቹ በፒን ኮድ እንደገና ይመዘገባሉ። ያልቀረበ ቁልፍ ከምዝገባው ስለሚወጣ ያሉትን ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ሃዩንዳይና ኪያ ላይ ቁልፍ ሲመዘገብ ባለ 6 አሃዝ ፒን ኮድ ይጠየቃል፤ ኢሞቢላይዘሩ በብዙ ሞዴል የተለየ ክፍል ስለሆነ ያገለገለ ይቻላል። አሜሪካ ያላችሁ የጂኤም መኪና ባለቤቶች ያገለገለ ከመግዛታችሁ በፊት ጠንቀቅ በሉ፤ አዲሶቹ ሞዴሎች ከሻንሲ ቁጥር ጋር ስለሚታሰሩ ያገለገለውን አይቀበሉም። በቀድሞዎቹ ላይ ኢሞቢላይዘሩን ከተቀየረው ሳጥን ጋር ማስለመድ ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በጠቅላላ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ፎርድ ላይ ደግሞ የአሮጌው ሳጥን የፋብሪካ ኮዲንግ ሳይነቀል በፊት ይቀመጥ።

ሲገጠምና ከተገጠመ በኋላ

ኔጌቲቩ ተፈትቶ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ዳሽቦርድ ስር የኤርባግ ሽቦም አለ። ሶኬቶቹ ከመነቀላቸው በፊት ፎቶ ይነሡ።

አዲሱን ሳጥን ከማብራትዎ በፊት አሮጌውን የገደለውን ያግኙ። የፊት አምፖሉ 55 ዋት መሆን ሲገባው 100 ዋት ተገጥሞ ከሆነ ጅረቱ ከ4.6 ወደ 8.3 አምፔር ወጥቷል ማለት ነው። የቦርዱ መስመር ለዚህ አልተሠራም። ከፍሬቻ ሽቦ ላይ ተቀጥሎ የተገጠመ አላርም፣ ውሃ የገባበት የኋላ መብራት ሶኬት፣ በግልባጭ የተነካ የባትሪ ገመድ፣ ኔጌቲቭ ሳይፈታ የተሠራ ብየዳ ሌሎቹ ገዳዮች ናቸው።

በመጨረሻ አምፔር መለኪያውን በኔጌቲቩ መስመር ላይ በተከታታይ ያስገቡ፤ በሩ ክፍት እንዳለ መኪናው የተዘጋ እንዲመስለው የበሩን ሎክ በስክሩድራይቨር ቆልፈው፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ 30 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከወረደ ሥራው አልቋል። 200 ላይ ከቆመ በቀን 4.8 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ5 ቀን ከግማሽ በላይ ይወርዳል። ይህ ንባብ ሳይታይ ሂሳብ አይክፈሉ፤ አሮጌውን ሳጥንም ተቀብለው ይሂዱ።