ያለ ክር የተገጣጠመ የውስጥ ልብስ፦ በካውያ የሚለጠፈው የሙጫ ሪባን ግምገማ

ባለፈው ዓመት እናቴን አልማዝ ባለጭራ ይዟት ነበር። ቁስሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደርቆ ቢጠፋም በግራ ወገቧ ዙሪያ የነርቭ ሕመም ጥሎባት ስለ ሄደ፣ የሙታንታዋ ላስቲክና የጎኑ ስፌት በነካት ቁጥር እንደ እሳት ያቃጥላት ጀመር። እኔ የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ለሰው ስሰፋ ኖሬ የገዛ እናቴን ስፌት ሲያሠቃያት ማየት በጣም ከበደኝ። ስፌቱን ገልብጬ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ላስቲኩንም ሰፊና ለስላሳ በሆነ ቀየርኩት። ጥቂት ቢያቀልላትም ሕመሙን አላስቀረላትም። በመጨረሻ እህቴ ከውጭ የላከችልኝን፣ በሙቀት ቀልጦ ጨርቅን ከጨርቅ የሚያጣብቅ ስስ የሙጫ ሪባን መሞከር ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስምንት ወር ከሠራሁበት በኋላ ያገኘሁትን ነው።

በመጀመሪያ ተራው ስፌት ለምን እንደሚጎረብጥ ማየት ያስፈልጋል። በኦቨርሎክ፣ ማለትም ጠርዝን እየጠቀለለ በሚሰፋ ማሽን፣ የተሰፋን የጎን ስፌት በሁለት ጣት ይዞ ለሚዳስስ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሁለቱ ጨርቆች ጠርዝ አንድ ላይ በሦስት ወይም በአራት ክር ይጠቀለልና ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ፣ በዚያ መስመር ላይ ገላን የሚጫነው ሦስት ድርብ ጨርቅ ከነክሩ ነው። በሙጫ ሲገጣጠም ግን አንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ይነባበርና በመካከላቸው ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ሪባን ይገባል። ድርቡ ሁለት ብቻ ነው፤ ክርም፣ ቋጠሮም፣ እጥፋትም የለበትም። ጣቴን አልፌበት ስሄድ መጋጠሚያው የት እንደ ጀመረ የማውቀው ዓይኔን ገልጬ ሳየው ነው።

ሪባኑ የተሠራበት ነገር ቴርሞፕላስቲክ ፖሊዩሬታን፣ በአጭሩ ቲፒዩ ይባላል። ሲሞቅ ቀልጦ በጨርቁ ክሮች መካከል ይሰርጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ከጠነከረም በኋላ እንደ ጎማ ተለጥጦ ይመለሳል። በሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ከሚለጠፈው ማጠንከሪያ የሚለየው በዚህ ነው፤ ያ አይለጠጥም፣ የውስጥ ልብስ ላይ ቢውልም በመጀመሪያው ቀን ይላቀቃል። በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚጠራ ኩባንያዎች አንዱ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ቤሚስ ሲሆን ሪባኑን የሚሸጠው ሰውፍሪ በሚል ስም ነው። እኔ የተጠቀምኩበት የእርሱ ሳይሆን በትንንሽ ጥቅልል ለቤት ሥራ የሚሸጥ ነው። ፋብሪካዎች ሙቀትንና ጫናን አብሮ የሚሰጥ መጭመቂያ፣ አለበለዚያም በሞቃት አየር ሪባኑን እያቀለጠ የሚያጣብቅ ማሽን አላቸው፤ እኔ ያለኝ ካውያ ነው።

ከካውያው ጋር ብዙ ታግያለሁ። አብሮ የመጣው መመሪያ ወረቀት «መካከለኛ ሙቀት፣ አሥር ሰከንድ» ከማለት በቀር ስለ ጫና አንድም ቃል የለበትም፤ ይህን ትልቅ ጉድለት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ሙጫው የሚይዘው በሙቀት ብቻ ሳይሆን ሙቀት፣ ጊዜና ጫና ሦስቱም ሲገናኙ ነው። የመጀመሪያዋን ሙታንታ እንደ ሸሚዝ ካውያውን እየገፋሁ ተኮስኳት፤ ጨርቁ ተንሸራትቶ ጎኑ ሞገድ ሠራ። በሁለተኛዋ ካውያውን ሳላንቀሳቅስ ጫንኩት፤ ነገር ግን የእንፋሎት ቀዳዳዎቹ ያረፉበት ቦታ ሁሉ ሳይቀልጥ ቀርቶ በጥፍሬ ስስበው ተላቀቀ። ሦስተኛዋን በመሥራት ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ፤ ግማሹ ቀልጦ ግማሹ ጥሬ የሆነ መጋጠሚያ መብራቱ ሲመለስ ይይዝልኛል ብዬ ደግሜ ብተኩሰውም መስመሩ ደርቆ ተኮማተረ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። አዲሱን ጨርቅ በቅድሚያ በሳሙና ብቻ አጥቤ አደርቃለሁ፤ በፋብሪካ የተቀባው ማለስለሻ ሙጫው እንዳይይዝ ያደርጋልና። ቀጥ ባለ ጠንካራ ጣውላ ላይ ስስ የጥጥ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ የካውያ ሰሌዳዬ ስፖንጅ ስላለው ጫናውን ይውጠዋል። ሪባኑን ከነወረቀቱ በአንዱ ጠርዝ ላይ አድርጌ ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ያህል አስይዘዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ወረቀቱን ልጬ ሌላውን ጠርዝ እነባብርበታለሁ። ከዚያ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ሸፍኜበት፣ እንፋሎቱን ዘግቼ፣ ካውያው ላይ ሁለት ነጥብ ባለበት ሙቀት ክንዴን ቀጥ አድርጌ ለሃያ ሰከንድ እጫናለሁ፤ ካውያውን አንስቼ በቀዳዳዎቹ ስፋት ልክ ዘወር አድርጌ እደግማለሁ። ሙቀቱ ሳይወጣለት ጨርቁን ያነሳ ሰው ድካሙን ሁሉ ያጣል፤ እኔ ከባድ መጽሐፍ ጭኜበት እተወዋለሁ፣ ለመልበስም አንድ ሙሉ ቀን አሳድረዋለሁ። ማዕዘኖቹን ደግሞ አከባቸዋለሁ እንጂ ሹል አልተዋቸውም፤ መላቀቅ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከሹል ጫፍ ነው።

የጨርቅ ምርጫ ከሪባኑ እኩል ወሳኝ ነው። ሊክራ የሚባለው ተለጣጭ ክር የተቀላቀለበት፣ ሲቆረጥ የማይተረተር ጥቅጥቅ ያለ ናይለን እጅግ በሚያስደስት ሁኔታ ይይዛል። የጥጥ ካናቴራ ጨርቅ ግን አሳዝኖኛል፤ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ የጨርቁ ለስላሳ ጸጉር ሙጫውን ይመጥጠዋል፣ ከሁለትና ከሦስት እጥበት በኋላም ይነሳል። በሌላ በኩል ናይለን ላብ አይመጥም፤ ስለዚህ በሙታንታው ታች በእግሮች መካከል የሚገባው ቁራጭ የግድ ጥጥ መሆን አለበት። ያንን ቦታ በሙጫ አልሠራውም። ሪባኑ አየር አያሳልፍም፣ ቦታው እርጥበትና እንቅስቃሴ የሚበዛበት ነው፣ እጥበቱም እዚያ ይበረታል፤ ለስላሳ ክር አስገብቼ በዚግዛግ እሰፋዋለሁ። ሁሉንም ያለ ክር እንሥራ የሚለውን ምክር በብዙ ቦታ አንብቤአለሁ፤ ለጤና ስል አልቀበለውም።

ወገቡን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፌ በእጥፋቱ መካከል ሪባኑን አገባለሁ፤ ሌላ ላስቲክ አልጨምርም፤ የሪባኑ የራሱ መለጠጥ ልብሱን ቀስ አድርጎ ይይዘዋል። ሪባኑ ግን የጨርቁን መለጠጥ በመጠኑ ስለሚቀንስ ቅዱ ከወትሮው ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት። የመጀመሪያውን ጠባብ አድርጌው እናቴ በዳሌዋ ማሳለፍ አቅቷት ነበር።

እጥበቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለብ ካለ ውኃ በላይ አይወድም፤ በረኪና ሊክራውን ይበላል፤ ከታጠበ በኋላ መተኮስ ደግሞ የተጣበቀውን መልሶ ያቀልጠዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትታጠብ አንዲት ሙታንታ እስካሁን የተላቀቀችው በእግሯ መግቢያ በኩል ጣት በምታህል ቦታ ብቻ ነው፤ እርሷንም አዲስ ሪባን አስገብቼ አደስኳት።

ዋጋው ከክርና ከላስቲክ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። አንድ ሙታንታ ሁለት ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ሃምሳ ሜትር ጥቅልል ከሙከራው ብክነት ጋር ከሃያ የሚበልጥ አያወጣም። ለገበያ ብዙ ለሚሰፋ ሰው በካውያ መሥራት አያዋጣም፤ አንዷ ሙታንታ ከአንድ ሰዓት በላይ ትወስድብኛለች። ቆዳው ለተጎዳ፣ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ላለበት ወይም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ስምንት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን መግዛት ይሻላል፤ ስድስት ሚሊ ሜትሩ ለጀማሪ እጅ በጣም ይጠብባል፣ ከንብብሩ የሚሰፋው ደግሞ ወጣ ብሎ ገላ ላይ ይሻክራል።

እናቴ የመጀመሪያዋን ደህና ሙታንታ የለበሰች ዕለት ማታ ሳትቀይራት ተኛች። ጠዋት ቡና እያፈላች፣ «ልጄ፣ ወገቤ ላይ ምንም ያለ አይመስለኝም» አለችኝ። አሁን የጡት ማስያዣውን የጀርባ ማሰሪያ እንድሠራላት ጠይቃኛለች፤ እርሱ ክብደት የሚሸከም ስለሆነ ሪባኑን በሁለት ረድፍ አድርጌ እየሞከርኩት ነው።