ከደሴ ፒያሳ በፍላሽ ያስጫንኋቸው የብሩኖ ቦዜቶ ካርቱኖች

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፊልም ጫኚ ሱቆች አንዱ ከተለመደው ውጭ የሆነ ፊልምም በትእዛዝ ፈልጎ እንደሚጭን ሰምቼ፣ የጣሊያናዊውን የካርቱን ዳይሬክተር የብሩኖ ቦዜቶን ሥራዎች ጠየቅሁ። በማግስቱ አሥራ አንድ ፊልም በ60 ብር ተረከብሁ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዋጋውም አያስከፋም።

ያስከፋኝ የፊልሞቹ አቀማመጥ ነው። ባለሱቁ ካርቱን ሁሉ የሕፃናት ነው ብሎ ይመስለኛል፣ ፊልሞቹን በሙሉ «የልጆች» በሚል ፎልደር አጉሮ፣ ዓመታቸውንም ሳይጽፍ ቀላቅሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1938 ሚላን የተወለደው ቦዜቶ በ1960 ሲኞር ሮሲ የተባለውን ተራ ሰው ፈጥሮ፣ በ1965 በካውቦይ ፊልሞች ላይ በሚያሾፈው «ዌስት ኤንድ ሶዳ» በኩል አልፎ፣ በ1976 የታላላቅ ደራሲዎችን ሙዚቃ በሥዕል ወዳጀበበት «አሌግሮ ኖን ትሮፖ» እንዴት እንደደረሰ ለማየት ቅደም ተከተሉን ራሴ ማስተካከል ነበረብኝ። ረጃጅሞቹ ፊልሞች ደግሞ በጣሊያንኛ ናቸው፤ ከሥር የሚነበብ ትርጉምም የላቸውም።

አጫጭሮቹ ግን ንግግር ስለሌለባቸው አስተርጓሚ አይሹም። ለኦስካር የታጨው የ1990ው «ካቫሌቴ»፣ ማለትም «አንበጣዎች»፣ የሰው ልጅን የጦርነት ታሪክ በዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ይተርካል፤ አንዱ ሠራዊት ሌላውን ፈጅቶ ባለፈ ቁጥር ሣር ይበቅላል፣ አንበጦችም ይዘሉበታል። ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በደበደቧት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ጦርነት ባየች ከተማ ተቀምጦ ይህን የጣሊያናዊ ሥራ ማየት ቀላል አይደለም፤ ከቤተሰቤ ጋር ሁለት ጊዜ ደጋግመን አየነው። የ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) «አውሮፓና ጣሊያን» በአንጻሩ አሥቆናል። ቦዜቶ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ፍላሽ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም (ከእኔው ፍላሽ ጋር ስሙ መግጠሙ ነው) የሠራው ሲሆን፣ ከላይ እንደሚታዩ ጥቃቅን ቅርጾች አድርጎ የሣላቸው ጣሊያኖች ወረፋ ሲጋፉ ያየ ሰው የእኛን የታክሲ ተራ ማስታወሱ አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ «አሌግሮ ኖን ትሮፖ» ውስጥ ራቁት ሴቶች የሚታዩበት ክፍል ስላለ ፊልሙ ከልጆች ፎልደር መውጣት አለበት። ይህንኑ ለባለሱቁ ስነግረው ደንግጦ እዚያው አስተካከለ፤ ከ«ካቫሌቴ»ም አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀረ።