የቮካል ተምፕሌት ገዝቼ ተሸወድኩ፤ እናንተ ንቁ

«ድምፅህን ጎትተህ አስገባ፣ የቀረው ተሠርቷል» የሚል የቮካል ተምፕሌት (የዘፋኝ ድምፅ ለማቀነባበር በሙዚቃ ሶፍትዌር አስቀድሞ የተዘጋጀ ፋይል) ገዝቼ ገንዘቤን ተበላሁ። ማሳያ ቪዲዮው ላይ ተምፕሌቱ ሲበራ ድምፁ ወፈር ብሎ ወደ ፊት ይመጣል። እኔም ጋ እንደዚያው ሆነ፣ ሁለት ሳምንት በደስታ ሠራሁበት።

የነቃሁት የቮካሉን ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) እስከ ታች ያወረድኩት ዕለት ነው። ዘፋኟ አሁንም ትዘፍናለች! ሩቲንጉን (ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ) ስከፍተው ትራኩ በቀጥታ ወደ ማስተር (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ ወደሚወጣበት) ይሄዳል፤ በዚያ ላይ በፕሪ ፌደር ሴንድ (ፌደሩ ቢወርድም በማይቀንስ ቅጂ) «ፓራለል ኮምፕሬሽን» ወደሚባል ባስ (bus፣ ድምፅ የሚላክበት ተጨማሪ መስመር) ይሄዳል፣ ባሱም ተመልሶ ወደ ማስተር። ባሱ ላይ ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውን ድምፅ የሚጨፈልቅ መሣሪያ) ቢኖር ምንም አልልም፣ ፓራለል ኮምፕሬሽን ማለትም የተጨፈለቀ ቅጂን ከዋናው ጋር መደመር ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ባዶ ነው። አንድ ፕለጊን (የድምፅ ማቀነባበሪያ መሣሪያ) እንኳ የለበትም፣ ስሙ ብቻ ተለጥፎበታል። አንድ ዓይነት ሲግናል በእኩል መጠን ሁለት ጊዜ ሲደመር 6 ዴሲቤል ይጨምራል። «ውፍረት» ያልኩት ለካ ይሄ ነው፤ ጆሮ ጮክ ያለውን ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል።

ትራኩ ላይ ያለው ኮምፕሬሰር ደግሞ ከሶፍትዌሩ ጋር በነፃ የሚመጣው ነው። ትሬሽሆልድ (መጨፍለቅ የሚጀምርበት ደረጃ) −24 ዴሲቤል፣ ሬሾ (ከዚያ በላይ ያለውን የሚቀንስበት ምጣኔ) 4 ለ 1፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ። ድምፁ −8 ላይ ሲደርስ 12 ዴሲቤል ይጨፈልቀዋል፤ −18 ላይ ሲሆን ግን 4.5 ብቻ ይነካዋል። ስለዚህ ቀረብ ብሎ ጮክ አድርጎ የቀዳ ሰው ትንፋሽ ያጠረው ሲመስል፣ ዝቅ አድርጎ የቀዳው ለውጡ ብዙም አይሰማውም። የእናንተን ድምፅ ሳይሰማ ትሬሽሆልድ የሚያስቀምጥ ሰው ምን አውቆ ነው?

ቪዲዮውን መልሼ ሳየው ማስተር ሜትሩ (የሚወጣውን የድምፅ መጠን የሚያሳየው) ከምስሉ ውጭ ተቆርጧል። እንዲህ ያለውን እለፉት። የገዛችሁት ካለ ደግሞ ሲበራም ሲጠፋም ሜትሩ እኩል እስኪያሳይ ድረስ የተምፕሌቱን አውትፑት (የሚያወጣውን የድምፅ መጠን) ቀንሱና ያኔ አወዳድሩ። እኔ ስቀንሰው የሸመትኩት ነገር ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ሻጮቹን ብሬን እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ «የወረደ ፋይል አይመለስም» አሉኝ። ትሬሽሆልዱ በምን ያህል መጠን ለተቀዳ ድምፅ እንደተስተካከለም ጠይቄ ነበር፤ እሱን እስካሁን አልመለሱልኝም።